«ፈቃድ ወረቀት ነው» የሚል ሰው ገንዘባችሁን ሲጠይቅ

የአንባቢ ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር ስለምከታተል ነው የምጽፍልዎት። እኔና ታላቅ ወንድሜ ለዓመታት ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ። ባንክ ከሚቀመጥ ሪል ስቴት ላይ ብናውለው ይሻላል ብለን ወሰንን። ወንድሜ አብሮ አደግ የሆነ የልብ ጓደኛ አለው። ሰውየው ቤት በማገናኘት ይታወቃል፤ ለብዙ የምናውቃቸው ሰዎች ቤት አግኝቶላቸዋል። አሁን ደግሞ ገና ጅምር ላይ ካለ ሕንፃ አፓርታማዎችን በጅምላ ገዝቶ፣ ሲያልቁ በውድ ለመሸጥ ሰው እያሰባሰበ ነው። ‹ገንዘባችሁ በዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል› ብሎናል።

ፈቃድ እንዳለው ጠይቄው ነበር። ‹ፈቃድ ወረቀት ነው፤ እኔ የምሠራው በስሜ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ብትሄዱ በኮሚሽን ነው የሚጨርሳችሁ› አለኝ። ቀብድ ብለን የተወሰነ ገንዘብ በግል ሂሳቡ አስገብተናል። የሰጠንን ደረሰኝ ፎቶ አያይዤልዎታለሁ። ቀሪውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልከፈልን ድርሻችን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሮናል። ሁለት ሰው ካመጣሁለት ደግሞ ከሚያስገቡት ላይ እንደሚያስብልኝ ቃል ገብቶልኛል። ለአንዷ ጓደኛዬ ነግሬያታለሁ፤ በጣም ጓጉታለች።

ውስጤ ግን አልረጋ አለ። ወንድሜ ደግሞ ‹ጓደኛዬን ሌባ ልትይው ነው?› እያለ ይቆጣኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ነገሮች እስኪጣሩ ድረስ አንድም ሳንቲም አይጨመር። ሁለት ሳምንቱ ቢያልፍ ይለፍ። ድርሻችሁ ለሌላ ሰው ቢሰጥም ይሰጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን አንዴ የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ጥያቄ ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ሰውየው ሌባ ይሁን ጨዋ እኔም አንቺም አናውቅም። ጨዋ ሊሆን ይችላል። ከልቡ ሊጠቅማችሁ አስቦም ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ግን የሰውየው ጠባይ አይደለም። ነገሩ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ሕንፃው ቢቆም፣ አልሚው ቢከስር፣ ሰውየው ራሱ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ገንዘባችሁ የት እንዳለ ማን ያውቃል? በየትኛው ወረቀት ትጠይቃላችሁ? ጨዋ ሰውም ይከስራል። ጨዋ ሰውም ይሞታል። የእሱ ወራሾች ደግሞ በግል ሂሳቡ ውስጥ ያለውን ገንዘብ የአባታችን ነው ቢሉ፣ የእናንተ መሆኑን በምን ታሳያላችሁ?

ፈቃድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ስለ ሰው ልብ የሚናገረው ነገር የለም፤ ፈቃድ ይዘው ያጭበረበሩ ሰዎችም አሉ። ነገር ግን ሥራው በፈቃድ በሚመራበት ቦታ ሁሉ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ከበላዩ የሚጠይቀው አካል አለው። ፈቃዱን ለማግኘት በአብዛኛው ሥልጠና ይወስዳል፣ ፈተና ያልፋል፣ የወንጀል መዝገቡ ይታያል። የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቅል፣ ለብቻው በአደራ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። የሚያውቀውን የቤቱን ጉድለት መደበቅ አይፈቀድለትም። ከሻጭም ከገዢም የሚቀበል ከሆነ ለሁለቱም ማሳወቅ አለበት። በብዙ ቦታ ለሙያው ኢንሹራንስ ይገባል። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ፣ ፈቃድ ባለው ደላላ የተጭበረበረ ሰው ፍርድ ቤት ከፈረደለት በኋላ ገንዘቡን ከደላላው ማግኘት ካልቻለ፣ እስከ ተወሰነ መጠን የሚካስበት ፈንድ አለ። ይህ ፈንድ ፈቃድ በሌለው ሰው ለተጎዳ አይደርስም።

ፈቃድ የሌለው ሰው ሲያጠፋ ግን የሚነጠቀው ነገር የለውም። አቤት የምትይበት ቢሮ ላይኖር ይችላል። ኢንሹራንስ የለም። በአብዛኛው የሚቀርሽ ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ በእጅሽ ያለው ወረቀት ይወስናል።

ስለ ወረቀቱ ካነሳን፣ የላክሽልኝን የደረሰኝ ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቀኑ ተጽፏል፤ ደግ ነው። የተቀባዩ ስም ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የአባት ስም የለውም። ገንዘቡ በአኃዝ ብቻ እንጂ በፊደል አልተጻፈም። የሕንፃው ስም፣ አድራሻው፣ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቤት፣ አንዱም የለም። ገንዘቡ በምን ሁኔታ እንደሚመለስም አልተጠቀሰም። ከሁሉ ያሳሰበኝ «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ የሰፈረው ነው። «ለጋራ ሥራ» ይላል። እናንተ ቀብድ ብላችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ ወረቀቱ ላይ ቀብድ አልተባለም። ነገ ብትጣሉና ሰውየው «አብረን ነገድን፣ አብረን ከሰርን» ቢል፣ ይህ ደረሰኝ የሚመሰክረው ለእሱ ነው። ሆን ብሎ ነው የጻፈው ማለቴ አይደለም። ግን ወረቀቱ የሚነበበው እንደተጻፈው ነው። በባንክ በኩል ማስገባታችሁ ጠቅሟችኋል፤ የባንኩን ማስረጃ ዛሬውኑ አትማችሁ አስቀምጡ።

«ፈቃድ ያለው ሰው በኮሚሽን ይጨርሳችኋል» ያለውን ደግሞ እንየው። በነጻ የሚሠራ ሰው የለም። ፈቃድ ያለው ደላላ ኮሚሽኑን ውሉ ላይ ይጽፋል፤ ታዪዋለሽ፣ ትከራከሪበታለሽ። የዚህ ሰው ጥቅም ግን የት ጋ እንዳለ አታውቂም። ምናልባት ከአልሚው ይቀበላል። ምናልባት በአንድ ዋጋ ገዝቶ ለእናንተ በሌላ ዋጋ ይነግራችኋል። ምናልባት ገና ሳይገዛ፣ የመግዛት ውሉን ራሱን ነው የሚሸጥላችሁ። ይህ የመጨረሻው በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሕጋዊ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ፈቃድ ይጠይቃል። ግን ምን እየገዛሽ እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ቤት ነው? ወይስ ቤት የመግዛት ተስፋ? በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቂው፤ «አንተ ከዚህ ሥራ ከማን፣ ስንት ታገኛለህ?» በይው። መልሱን በጽሑፍ ይስጥሽ።

ለብዙ ሰዎች ቤት ማገናኘቱን ጽፈሽልኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው ማገናኘት ሌላ፣ የሰው ገንዘብ ሰብስቦ መያዝ ሌላ ነው። ገዢና ሻጭ ሲያገናኝ ገንዘቡ በእሱ እጅ አላለፈም፤ ቢያጠፋም ጉዳቱ ትንሽ ነው። አሁን ግን የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ በስሙ አስቀምጦ፣ እሱ እየሠራበት ትርፍ ሊያካፍል ነው። ይህ ድለላ አይደለም። በብዙ አገር ሕግ ይህ ራሱን የቻለ የኢንቨስትመንት ሥራ ነው፤ ምዝገባና ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ የሰጠው ውሳኔ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሆዊ የሚባል ኩባንያ የብርቱካን እርሻውን በጠባብ በጠባቡ እየሸነሸነ ለሰዎች ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከሌላ ግዛት የመጡ፣ ስለ እርሻ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ብርቱካኑን የሚንከባከበው፣ የሚለቅመውና የሚሸጠው ከኩባንያው ጋር የተያያዘ ድርጅት ነው፤ እነሱ ትርፍ ይጠብቃሉ። ኩባንያው «እኔ የሸጥሁት መሬት ነው» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሰዎች ገንዘባቸውን በጋራ ሥራ ላይ አውለው፣ ትርፉን ከሌላ ሰው ድካም የሚጠብቁ ከሆነ፣ ነገሩ የኢንቨስትመንት ውል ነው፤ ሊመዘገብ ይገባዋል አለ። ደረሰኝሽ ላይ ያለውን «ለጋራ ሥራ» አስታውሺ። ሰውየው በራሱ እጅ የጻፈው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ቤት ነው የምሸጥላችሁ» ቢልሽም፣ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው የባለሙያ ጠበቃ ይንገርሽ።

«በዓመት ውስጥ እጥፍ» የሚለውን ቃል ሳነብ ደግሞ ደነገጥኩ። የቤት ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግንባታ ይዘገያል። የዕቃ ዋጋ ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ ትርፍን እንደ ደመወዝ አይቆርጥልሽም። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በብዙ ቦታ የተረጋገጠ ትርፍ ቃል መግባት ይከለከላሉ፤ የሚከለከሉትም በምክንያት ነው። ቻርልስ ፖንዚን ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ፣ ለቀደሙት ሰዎች ከኋለኞቹ ገንዘብ ይከፍል የነበረ ሰው ነው። ብዙዎች የማያውቁት ከእስር ከወጣ በኋላ ያደረገውን ነው። ፍሎሪዳ ሄዶ መሬት መሸጥ ጀመረ። በ60 ቀን 200 በመቶ ትርፍ ነበር ቃሉ። ከመሬቱ ከፊሉ ውኃ የተኛበት ነበር። እዚያም ተከሶ ተፈረደበት። ያ ሰው መሬትን የመረጠው በምክንያት ይመስለኛል። መሬት የሚታይ፣ የሚነካ ነገር ስለሆነ ሰው ይረጋጋል። ጅምሩን ሕንፃ ወስዶ አሳይቷችሁ ይሆናል። ሕንፃው መኖሩ ግን የእናንተ ገንዘብ እዚያ መግባቱን አያሳይም።

ስለዚህ ሕንፃውን በራሳችሁ መንገድ አጣሩ። የአልሚውን ስልክ ከሰውየው አትቀበሉ፤ ራሳችሁ ፈልጉ። ደውሉና ይህን ሰው ያውቁት እንደሆነ፣ በስማቸው እንዲሸጥ ወይም ገንዘብ እንዲቀበል ውክልና ሰጥተውት እንደሆነ ጠይቁ። ውክልና አለኝ ካለ ዋናውን ይዛችሁ፣ ያጸደቀው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አስመስክሩ። መሻሩንም አለመሻሩንም ጠይቁ። ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ውክልናው በአብዛኛው አብሮት ያበቃል። ይህን ሳያውቁ ከሟች ተወካይ ቤት የገዙ ሰዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ኖረዋል። ከዚያ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በባንክ መያዣነት መያዙን፣ እገዳ እንዳለበት፣ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደሆነ በመዝገብ ይታይ። አንድ አፓርታማ ለሦስትና ለአራት ሰው ተሽጦ የሚገኘው ማንም መዝገብ ሳያይ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ውል ሲከፍል ነው። እንዲህ ሲሆን በብዙ አገር የሚቀድመው አስቀድሞ በቅን ልቦና ያስመዘገበው ነው። የቀሩት ሻጩን መፈለግ ነው የሚተርፋቸው።

ነገ ተነስቶ «ይኸው ፈቃድ» ቢልሽም ወዲያው አትርኪ። የማን ስም ነው ያለበት? የሌላ ሰው ፈቃድ ተውሰው የሚሠሩ ሞልተዋል። ጊዜው አልፏል? ደግሞ የምን ፈቃድ ነው? የንግድ ምዝገባ ወረቀት ድርጅቱ መኖሩን እንጂ የሰው ገንዘብ መሰብሰብ መቻሉን አይናገርም። ፈቃዱን በሰጠው አካል ቢሮ ወይም በራሱ ድረ ገጽ አጣሪው። ሰውየው በስልክሽ የላከልሽን ሊንክ አትክፈቺ፤ አድራሻውን ራስሽ ፈልጊ።

ነገሩ በደላላ ብቻ እንዳያበቃ አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ በሌለው ተቋራጭ የተሠራ ቤት ላይ ሠራተኛ ቢጎዳ፣ በብዙ ቦታ ጣጣው ለባለቤቱ ይተርፋል። ያለፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ቢቃጠል ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ፈቃድ የሌለው የቤት አስተዳዳሪ የተከራዮችን መያዣ ከራሱ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ቢጠፋ፣ ተከራዮቹ የሚመጡት ወደ ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ሰው ብታመጪ ከሚያስገቡት ይታሰብልሻል ተብለሻል። እህቴ፣ ይህን አትንኪው። ሰው አግባብተሽ ወደ ኢንቨስትመንት ስታስገቢና ለዚያ ገንዘብ ስትቀበይ፣ በብዙ አገር ሕግ አንቺ ራስሽ ፈቃድ የሌለሽ ደላላ ትሆኛለሽ። ነገሩ ሲፈርስ ጓደኛሽ ሰውየውን አታውቀውም። የምታውቀው አንቺን ነው። የምትከስሰውም አንቺን ሊሆን ይችላል። «እኔም ተበልቻለሁ» ብትዪ፣ የተቀበልሽው ድርሻ በባንክ ማስረጃ ይወጣብሻል። እንዲህ ያሉ ሥራዎች በወዳጅ በወዳጅ የሚስፋፉት ሰው ከማያውቀው ይልቅ የሚያውቀውን ስለሚያምን ነው። ወንድምሽም ያመነው በዚሁ መንገድ ነው። ሰውየውም ምናልባት ሌላ ያመነው ሰው ኖሮ ይሆናል።

ወንድምሽ መቆጣቱ አሳዝኖኛል። የቁጣው ምክንያት ግን ይገባኛል። ጓደኛውን ከተጠራጠረ አብሮ ያደጉባቸውን ዓመታት ሁሉ የተጠራጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ ክርክሩን ከጓደኛው ላይ አንሺው። እንዲህ በይው፦ «ጋሼ፣ ጓደኛህን አላመንኩም አላልኩም። ገንዘቡ ግን የሁለታችን ነው። በአደራ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ቤቱ በስማችን ሲመዘገብ ይለቀቅለት። ጠበቃ ውሉን ይየው፤ የጠበቃውን እኔ እከፍላለሁ። ይህን እሺ ካለ እኔም እሺ።» ከዚያ ይህንኑ ለሰውየው አንድ ላይ ሆናችሁ ንገሩት። በስልክ አይሁን፤ ፊት ለፊት ይሁን።

መልሱን በደንብ አዳምጡ። ሐቀኛ ሰው ምናልባት ትንሽ ቅር ይለዋል፤ ግን ይቀበላል። ገንዘቡ ከሦስተኛ ወገን ዘንድ መቀመጡ እሱንም ይጠብቀዋልና። «ባንኩ ያጓትታል፣ ጠበቃ ነገር ያበላሻል፣ ሌሎቹ ሁሉ ከፍለዋል፣ እንዲህ ከሆነ ይቅርባችሁ» የሚል ከሆነ፣ ወንድምሽ ያን ጊዜ ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከጓደኛው አፍ ይሰማዋል። ያ ከመቶ ክርክር ይሻላል።

የከፈላችሁት ቀብድስ? መጀመሪያ በሰላም ጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል። «በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ገንዘብ፣ ለዚህ ሕንፃ አፓርታማ ቀብድ ብለን በዚህ ሂሳብ አስገብተንልሃል። መቀጠል ስላልፈለግን እስከዚህ ቀን እንድትመልስልን እንጠይቃለን» በሉት። አትሳደቡ፣ አታስፈራሩ። «እሺ፣ የዚያ ቤት ቀብድ እመልሳለሁ» ብሎ ቢጽፍላችሁ እንኳ ደረሰኙ የጎደለውን ግማሹን ሞላችሁ ማለት ነው። የቆዩ መልእክቶችን አታጥፉ። በድምፅ የላከላችሁም ካለ አስቀምጡት። ቀኑ ካለፈ ወደ ጠበቃ ሂዱ፤ ጠበቃው የማጭበርበር ምልክት አለው ካላችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። አንዳንድ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ «ትንሽ ክፍያ ጨምሩ» ይላል። አትጨምሩ። ሌላም አለ፤ ሰው ገንዘብ ማጣቱን ሲሰማ «እኔ አስመልስላችኋለሁ፣ የአገልግሎት ቅድሚያ ክፈሉኝ» የሚል ይመጣል። እሱንም አትስሙት።

ቀብዱ ላይመለስ ይችላል። ይህን አልደብቅሽም። ብዙ ሰው ግን ቀብዱ እንዳይቀርበት ብሎ ቀሪውን ይከፍላል፤ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የሄደው ሄዷል። ስለሚቀጥለው ክፍያ ስትወስኑ ምንም እንዳልከፈላችሁ አድርጋችሁ አስቡ። ዛሬ ገና የሰማችሁት ቢሆን ገንዘባችሁን በአንድ ሰው የግል ሂሳብ ታስገቡ ነበር?

ከወንድምሽ ጋር የምትነጋገሪው ማታ ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃውንም ነገ ታገኚዋለሽ። የጓደኛሽ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ጓጉታለች ብለሻል፤ የሰውየው ሂሳብ ቁጥር እጇ ላይ ሊኖር ይችላል። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውይላትና «እኔ ራሴ እስካጣራ ድረስ ምንም እንዳታስገቢ» በያት። አስገብታም ከሆነ የባንክ ማስረጃዋን እንድትይዝና አብራችሁ ወደ ጠበቃው እንድትሄዱ ንገሪያት።